«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ የሰርቨር ዲስኮች ብቃት እንዴት ይለካል?



በምሥራቅ ወለጋ ዞን ከኪራሙ ገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመጣ ዜጋ «ሲስተም የለም» ሲባል የሥራ ቀኑን ያጣል። ምክንያቱ ሁልጊዜ የኔትወርክ ወይም የመብራት መቋረጥ አይደለም፤ መዝገቡን የያዘው ሰርቨር ዲስኮች የሥራ ጫናውን መሸከም ሲያቅታቸውም አገልግሎት ይስተጓጎላል። ስለሆነም ዲስኮቹ ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት መፈተን ይኖርባቸዋል።

ሬይድ ምንድን ነው?

ሬይድ በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ በማሠራት፣ አንዱ ቢበላሽ አገልግሎት እንዳይቋረጥ የሚያግዝ አደረጃጀት ነው። አራት ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲዎች በሬይድ 5 ሲደራጁ 6 ቴራባይት፣ በሬይድ 10 ሲደራጁ 4 ቴራባይት ይይዛሉ። ሆኖም ሬይድ 5 አነስተኛ ለውጥ ለመመዝገብ በተለምዶ ሁለት ጊዜ ማንበብና ሁለት ጊዜ መጻፍ ሲያስፈልገው፣ ሬይድ 10 ሁለት ጊዜ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። ምዝገባ ለሚበዛበት አገልግሎት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ፍተሻው ምን ያካትታል?

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ «ኤፍአይኦ» በተባለ ነፃ ሶፍትዌር መለካት የተለመደ ሲሆን፣ የሚከተሉት ነጥቦች ሊሟሉ ይገባል፦

1. ፍተሻው እውነተኛውን ሥራ ይምሰል። ለመዝገብ አገልግሎት ትልቅ ፋይል በተከታታይ ከማንበብ ይልቅ፣ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት የሆኑ የተበታተኑ ንባቦችና ጽሑፎች ይለኩ።

2. ሊኑክስ የተነበበ መረጃ በሜሞሪ ስለሚያቆይ፣ ልኬቱ ሜሞሪውን አልፎ ዲስኩን በቀጥታ ይፈትን።

3. አዲስ ኤስኤስዲ በመጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ፍጥነቱ እስኪረጋ ድረስ ይሠራበት።

4. አማካይ ውጤት ብቻ አይታይ። አንድ ማመልከቻ በርካታ የዲስክ ጥያቄዎችን ስለሚያስነሣ፣ ከመቶ አንዱ እጅግ ቢዘገይ እንኳ ተገልጋዩ ይጉላላል።

5. አንድ ዲስክ ሆን ተብሎ ይነቀል፤ ምትኩ ተተክቶ መረጃው እስኪሟላ ድረስም ፍጥነቱ ይለካ። ይህ የሚከናወነው በሙከራ መረጃ ብቻ ነው።

ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂ አይደለም

በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ ከሁሉም ዲስኮች ይጠፋል። በመሆኑም ቅጂው በሌላ ሥፍራ መቀመጥ፣ ተመልሶ መሥራቱም በየጊዜው መሞከር አለበት።

ከተገልጋዩ የሚጠበቀው

በመስተንግዶ መካከል ሲስተም ቢቋረጥ፣ ማመልከቻዎ መመዝገቡን ይጠይቁ፤ የምዝገባ ቁጥር ከተሰጠዎትም ጽፈው ይያዙ።