የብርሃን መበተንና የበሽታ ምልክቶች ምርመራ

ወባ፣ የአንጀት ተስቦና ግርሻ በጅምራቸው በትኩሳትና በራስ ምታት ስለሚገለጹ በዐይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። እያንዳንዱን በተናጠል መመርመር ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሕክምናው በዘገየ መጠንም ሕመምተኛው ይጎዳል። ከአንድ ናሙና የብዙ በሽታዎችን ምልክት ባንድ ጊዜ ለማንበብ ከሚደረጉት ጥናቶች አንዱ በብርሃን መበተን ላይ የተመሠረተ ነው።

ብርሃን ሞለኪውልን ሲነካ የሚበተነው አብዛኛው ክፍል የሞገድ ርዝመቱን አይለውጥም። እጅግ ጥቂቱ ብቻ ከሞለኪውሉ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ፣ የሞገድ ርዝመቱም ተለውጦ ይወጣል። ይህን ክሥተት ሕንዳዊው ሊቅ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 በካልካታ አስታወቁ፤ በ1930ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የለውጡ መጠን በሞለኪውሉ አሠራር ስለሚወሰን፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ጣት አሻራ የሚታወቅባቸው የብርሃን መስመሮች አሉት።

ይሁን እንጂ ምልክቱ በጣም ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሀምፕተን ዩኒቨርስቲ፣ በሻከረ የብር ኤሌክትሮድ ላይ ያረፈ ፒሪዲን የጎላ ምልክት ሰጠ። በ1977 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የብሩ ገጽ መስፋት ብቻውን ይህን ያህል ጭማሪ ሊያስገኝ እንደማይችል አሳዩ። ዋናው ምክንያት ብርሃኑ በብሩ ገጽ ያሉትን ኤሌክትሮኖች በማወዛወዝ በአካባቢው የኤሌክትሪክ መስክን ማጠናከሩ ነው። በተቀራረቡ የብር ወይም የወርቅ ቅንጣቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት መስኩ ይበልጥ ይበረታል።

ለምርመራው በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶች ይዘጋጃሉ። በእያንዳንዱ ዓይነት ቅንጣት ላይ አንድ ማቅለሚያና አንድን የበሽታ ምልክት ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ወይም የዲ.ኤን.ኤ. ሰንሰለት ይጣበቃል። ቅንጣቶቹ ከናሙናው ጋር ከተገናኙ በኋላ ያልተያዙት ይታጠባሉ፤ በቀሩትም ላይ ሌዘር ይበራል። የማቅለሚያዎቹ መስመሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ብዙዎቹ ሳይደራረቡ ይነበባሉ፤ የፍሎረሰንስ ብርሃን ግን ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በወርቅ ቅንጣትና በብር ልባስ የስድስት ተሕዋስያንን የዲ.ኤን.ኤ. ቅንብር ለይተዋል፤ ከእነዚህም ኤች.አይ.ቪ.፣ ኢቦላና ፈንጣጣ ይገኙባቸዋል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ ደም ሲታለፍ ግን የደም ፕሮቲኖች በቅንጣቶቹ ላይ ይለጠፋሉ፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ቢለዋወጥም የምልክቱ ጉላት ይለዋወጣል። ያለን በሽታ የለም የሚል ውጤት ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ዘዴው የሚመዘነው በሚያነባቸው ምልክቶች ብዛት ብቻ ሳይሆን በተደጋጋሚ በሚሰጠው መልስ እውነተኛነት ነው።