የዐጸዳችን ዛፎች መዝገብ፦ ከጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የቀሰምነው ትምህርት

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር በተያያዘው ከፍታ ላይ የሚገኘውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በቅርቡ ጎብኝተናል። ማዕከሉን የመሠረቱት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ሲሆን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ያህል ነው።

አካባቢው የወንዞች መነሻም ነው። ከእንጦጦ ሰሜናዊ ገጽ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ያመራል፤ በደቡባዊው ገጽ የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። በላይ ያለው ዛፍ አፈሩን በሥሩ ይዞ ዝናቡን ወደ መሬት ካላሰረገ፣ በታች ያለው ወንዝ በክረምት ደለል ይሞላል፤ በበጋም ይጎድላል።

የዕፅዋት ማዕከል ከመናፈሻ የሚለየው በምንድን ነው? ዋናው ልዩነት መዝገብ ነው። ለተክሉ ስሙ፣ ዘሩ የተለቀመበት ሥፍራና የተተከለበት ጊዜ ይጻፍለታል። ስለዚህ አንዱ ቢደርቅ ምን እንደጠፋና ምትኩ ከየት እንደሚገኝ ይታወቃል።

ይህን ስንመለከት የየአጥቢያችንን ዐጸድ አሰብን። በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ባለቀበት ብዙ ሥፍራ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት የቀሩት በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አባቶቻችን ጠብቀው አቆይተውልናል፤ መዝገብ ግን በአብዛኛው የለንም። በመሆኑም አንድ ዛፍ የአካባቢው የመጨረሻ የዘር ምንጭ እንደነበረ የምንረዳው ከወደቀ በኋላ ነው።

ለምሳሌ የኮሶ፣ የጽድና የዝግባ ወንዴና ሴቴ ዛፎች የተለያዩ ናቸው። ዘር የምትሰጠው ሴቴዪቱ ናት፤ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ግን የሚበቅል ዘር አታፈራም። በአንድ ዐጸድ ሁለት ኮሶ ብቻ ቢኖርና አንዱ “ፍሬ የለውም” ተብሎ ቢቆረጥ፣ የቀረው ለምልሞ ቢታይም ያለ ተተኪ ያረጃል። ኮሶን በአበባው መለየት ይቻላል፤ የሴቴዋ አበባ ወደ ቀይ ያደላል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በዐጸዱ ያሉትን አገር በቀል ዛፎች ቆጥረው በአካባቢው ስማቸው ይመዝግቡ፤ ወንዴና ሴቴውን ይለዩ። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ስማቸውን ስለሚያውቁ በቆጠራው ይገኙ።

ሁለተኛ፣ ዘር የሚለቀምበትን ወቅት ይጻፉ። የጥቁር እንጨት ዘር ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይቆይ መዘራት አለበት። ወይራ ደግሞ የፍሬው ሥጋ ተወግዶ ጠንካራው የዘሩ ሽፋን በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ በቶሎ አይበቅልም።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍ ለአጥቢያው ገቢ እንደሚያስገኝ ብናውቅም፣ ከጠበሉ ምንጭና ከወንዙ ዳር ርቆ ይተከል።

አራተኛ፣ ማንኛውም ነባር ዛፍ ከመቆረጡ በፊት መዝገቡ ይታይ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተርና የጥቂት ቀናት ትጋት ይበቃል። የንዋያተ ቅድሳቱን ቆጠራ በጥንቃቄ እንደምንይዝ፣ የዐጸዱንም ዛፎች ቆጥረን ለተተኪው ትውልድ ልናስረክብ ይገባናል።