ትዝታ በፒያኖ ሲመታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግ የሚያጫውት ኪቦርዲስት ካወቁ መሣሪያውን ለአፍታ ይዋሱት። ሦስት ጥቁር ቁልፎች ጎን ለጎን ካሉበት ይጀምሩና ወደ ቀኝ አምስት ጥቁሮችን በተራ ይምቱ። የሰሙት ትዝታ ሜጀር ነው። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ትተው በግራቸው ያለውን ነጭ ቢመቱ ደግሞ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ዜማው እንዲህ በቀላሉ ከተገኘ ቅኝታችንን ከምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ ማዋሐድ ምኑ ይከብዳል? የሚከብደው ግራ እጅ ላይ ነው። በክላሲካል ፒያኖ ቀኝ እጅ ዜማውን ሲይዝ ግራው ብዙ ጊዜ በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ድምፆች፣ ያጅባል። ከትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ግን የተለመዱት ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ይወጣሉ። ሌላ የፈለገ ከቅኝቱ ውጭ ይበደራል፤ ብድሩ ሲበዛ ትዝታነቱ ይጠፋል። በዚያ ላይ የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ እያንሸራተተ ድምፁን ያለዝባል፤ በፒያኖ ይህ የለም። የኢራን ሙዚቀኞች ችግር ደግሞ የባሰ ነው፦ በዜማቸው ከሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች ስላሉ፣ እንደ ሞርተዛ ማህጁቢ ያሉ ተጫዋቾች የፒያኖውን ክሮች እንደ ገና መቃኘት ነበረባቸው።

ከእኛ ሰዎች ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምሮ፣ ትምህርቱን ቡልጋሪያ ሶፍያ ቀጠለ። በኮንሰርቶቹ ከሾፓን ጋር የራሱን ድርሰቶች ይጫወታል። ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛ የደረሰው ሥራ ለጮቄ ግርጌ ሰው ባዳ አይሆንበትም። ኮርዶቹ ግን ሞላ ያሉ፣ የአውሮፓ ሮማንቲኮች ወዝ ያለባቸው ናቸው።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) በሌላ መንገድ ሄዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተማሩ፤ ግሸን ማርያም መነኑ፤ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ታተመ። አጨዋወታቸው ለቆጠራ አይገዛም፤ ዜማው ሲፈልግ ይዘገያል፣ ሲፈልግ ይቸኩላል፣ ግራ እጃቸውም አይጫነውም።

ለእኔ ጆሮ ቅኝቱ ይበልጥ ሳይነካ የቀረው በእማሆይ እጅ ነው። የግርማ ደግሞ ክላሲካል ለለመደ ሰው ቶሎ ይገባል። ለዚህ ሙዚቃ አዲስ የሆነ የጎጃም አንባቢ ከእማሆይ ቢጀምር ይሻለዋል።