ላይተር ላይ የምትሰካ ጣቢያ

ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወጣ መኪና ጋቢና ከተቀመጣችሁ፣ ላይተሩ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣት የምታክል፣ ቁጥር የምታበራ ዕቃ ተሰክታ ልታዩ ትችላላችሁ። ሾፌሩ ስልኩን ሲነካ ዘፈኑ ከቴፑ ይወጣል፤ በስልኩና በቴፑ መሃል ግን አንድም ሽቦ የለም።

ኤፍኤም ሞዱሌተር ትባላለች። በአጭሩ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ናት። ከፍላሽ ያነበበችውን ወይም ከስልክ በብሉቱዝ የተቀበለችውን ዘፈን በኤፍኤም ትለቀዋለች፤ ቴፑም እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ስርጭቷ ከጥቂት ሜትር አያልፍም።

ለካሴት ቴፕ የተሠራ ሌላ ብልሃትም አለ፦ መልኩ ካሴት፣ ሆዱ ግን ክር የሌለው፣ ከጎኑ ቀጭን ገመድ የወጣለት። ውስጡ ያለችው ጥቅል ሽቦ ዘፈኑን ወደ መግነጢስ ለውጣ ለቴፑ ሄድ ታቀብላለች፤ ክር አንባቢው ሄድም ክር እያነበበ ያለ ይመስለዋል። የኦክስ ቀዳዳ ወይም ብሉቱዝ ያለው ቴፕ ከሁለቱም የጠራ ድምፅ ይሰጣል። አሮጌ ቴፑን መቀየር ላልፈለገ ግን ሞዱሌተሯ ትበቃለች።

የእሷ ጣጣ ባዶ ቦታ ማግኘት ነው። የአገራችን ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይዘልቃል። አዲስ አበባ ላይ ሞዱሌተሯን 98.1 ላይ ብታደርጓት ፋና ይውጣታል፤ 102.1 ላይ ደግሞ ሸገር አለ። ኤፍኤም ሬዲዮ ሁለት ሞገድ ሲመጣበት ጠንካራውን ይይዛል፣ ደካማውን ይተዋል። በቴፒና በማሻ መሃል ባለው ሸካ ጫካ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኤፍኤም ሞገድ ተራራ ዞሮ አያልፍም፤ የቴፒ ቡና እርሻ ከኋላ ቀርቶ ዳገቱ ሲጀመር የሩቁ ጣቢያ ይጋረዳል፣ ያቺ ደካማ ሞገድም ብቻዋን ትነግሣለች።

መኪናው በቀጥታ ከጃፓን የመጣ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ይጀምራል፤ የቆዩት ቴፖች 90 ላይ ያበቃሉ። ሞዱሌተሯን 100 ላይ አድርጎ ቴፑን መጎርጎር ከንቱ ልፋት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ በር ብቻ ስለሆነ፣ 88 አካባቢ መሞከር ይሻላል።

ድምፁ ከሻከረ የስልኩን ከፍ፣ የቴፑን ዝቅ አድርጉ። ከስልኩ ደካማ ድምፅ ከመጣ ቴፑ ሲያጎላው ሽሽታውንም አብሮ ያጎላል። ስልኩን እስከ ጥግ መክፈት ደግሞ ዘፈኑን ያሰነጥቀዋል፤ ትንሽ መለስ ማድረግ ነው።

አንዳንዴ መናኸሪያ ውስጥ የአንዱ መኪና ሞዱሌተር ትነቀልና ቴፑ 88 ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። አጠገቡ የቆመው መኪና ሞዱሌተርም 88 ላይ ከሆነች የጎረቤት መዝሙር ሳይጠራ ይገባል፤ ተሳፋሪው ማን እንደከፈተው እርስ በርስ ይተያያል። ጎረቤት ሞልቶ ሲንቀሳቀስ፣ ገና ከበሩ ሳይወጣ መዝሙሩ ሽሽታ ይሆናል።