ፊደላችን የደበቀው ዜና

ዛሬ ስለ «ስፔሊንግ ቢ» ላውጋችሁ፤ ቃል እየተጠራላቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስለሚዘረዝሩት የአሜሪካ ልጆች ውድድር።

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ታነባለች። ባለፈው እሑድ «አጎቴ፣ ስልክህን» ብላ ተቀበለችኝና የቆየ ዜና አወጣች፦ የ12 ዓመቱ ብሩሃት ሶማ እ.ኤ.አ. በ2024 «አብሴይል» በሚለው ቃል አሸንፎ 50 ሺህ ዶላር ወሰደ ይላል። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። አ-ብ-ሴ-ይ-ል። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ለዚህ ነው 50 ሺህ ዶላር የሰጡት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዜናው ወደ አማርኛ ሲገባ ፊደላችን ችግሩን ፈትቶ ነው የሚያስገባው። እኛ የሰማነውን እንጽፋለን፤ ቃሉን በፊደላችን አስቀምጠን «በትክክል ጻፈ» ስንል አንባቢው ምኑ እንደከበደ አይታየውም። የሚቀረው እንባው፣ ዋንጫውና ዶላሩ ብቻ ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤል። ጣጣው መጨረሻው ላይ ነው። በጆሮው ብቻ የሚሄድ ልጅ በ«ኢ» ፋንታ «ኤ» ቢል አይፈረድበትም። ቃሉ ከጀርመንኛ እንደመጣ፣ በገመድ ከገደል መውረድ ማለት እንደሆነ፣ በጀርመንኛ ገመድ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ልጅ ግን አይስትም። ተወዳዳሪዎቹ «ትርጉሙ ምንድን ነው? ከየትኛው ቋንቋ መጣ?» እያሉ የሚጠይቁት ጊዜ ለመግዛት ብቻ አይደለም። መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በየስልካችን የሚደርሰን አጭር ቪዲዮ ደግሞ ቆርጦ የሚጥለው ይህንኑ ክፍል ነው።

ማስረጃ ላምጣ። በ2024 ሁለተኛ የወጣው ፋይዛን ዛኪ በ2025 ተመልሶ መጣ። ድሉ ሁለት ቃል ሲቀረው «ኮመላይና» ተባለ። ቸኮለ፤ ሳይጠይቅ «ኬ» ብሎ ጀመረ፣ መሀል ላይ ነቃ፣ ግን ሳተው። በኋላ በሌላ ቃል አሸንፏል።

ይህ ኮመላይና የተባለው ነገር ምን መሰላችሁ? የኛው የውሃ አንቁር ወገን ነው! እዚህ እንሴኖ ከበርበሬውና ከበቆሎው መሀል እየነቀልን የምንጥለው፣ ዝናብ ሲያገኝ ከተጣለበት መልሶ ሥር የሚሰደው አረም። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፤ ኮመሊን በሚባሉ የሆላንድ ቤተሰብ የዕፅዋት ሊቃውንት ሰየመው። አበባውን ቀርባችሁ እዩት፦ ሁለት ደማቅ ቅጠልና አንድ የደበዘዘች አለው። ደማቆቹ ስም ላተረፉት ሁለቱ፣ ደብዛዛዋ ሥራ ሳይሠራ ለሞተው ለሦስተኛው ናት አለ ሊኒየስ። የቤተሰቡ ስም በ«ሲ» ይጀምራል፣ «ኤም»ም ሁለት ነው። ይህን የሰማ ልጅ በ«ኬ» አይጀምርም። ገበሬው፣ ተማሪው፣ መምህሩ ሁሉ የሚሰማው ዜና እንዲህ ያለው ነበር።

ውድድሩን እኮ የወለዱት ጋዜጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ዘጠኝ ጋዜጦች ተባብረው ጀመሩት፤ አንባቢ ለማብዛት፣ የደገሱትን ራሳቸው ለማውራት። ያም ሆኖ ቃሉን የሚያውቅ ዘጋቢ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1936 ማክኖሊያ ኮክስ የምትባል የ13 ዓመት ጥቁር ልጅ አምስት ውስጥ ገብታ ሳለ «ኔመሲስ» ተጠራባት። የግሪክ አምላክ ስም ነው፤ የተጸውዖ ስም ደግሞ አይጠየቅም ነበር። የላካት ጋዜጣ ዘጋቢ «ይህ ደንብ መጣስ ነው» ብላ ተከራከረች። አልሰሟትም፤ ልጅቷም ወደቀች። ግን ክርክሩ የተነሳው ዘጋቢዋ የልጅቷን ፊት ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ስላየች ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ካሜራው ፊት ላይ ቀረ።

«የኛ ፊደል ቀላል ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም» የሚል ካለ፣ ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ይቁጠርልኝ። መነሻው «ኃ» በስድስት ዓይነት ይጻፋል፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት። ድምፁ ሳይለወጥ 24 መንገድ! ሁለት ወረቀቱ ላይ ስሙ ሁለት ዓይነት ሆኖበት ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ቀልድ አለመሆኑን ያውቃል።

ለምን ታዲያ የአማርኛ ውድድር አይኖረንም? ዳኛ ስለሌለን ይመስለኛል። እነሱ የተስማሙበት አንድ መዝገበ ቃላት አላቸው። እኛ ዘንድ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ርእሱ ላይ «ዐዲስ» ይላል፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣ ደግሞ «አዲስ ዘመን»። ማንን እንጣል?

ሰኞ ጠዋት የእህቴ ልጅ ዜናዋን አንብባለች። ዶላሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈችው፤ ፊደሎቹን ግን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ኮመላይና ላይ ስትደርስ ከኪሷ የጠወለገ የውሃ አንቁር አውጥታ ከፍ አድርጋ ያዘች። ከኋላ ሰልፍ አንድ ልጅ «እሱንማ ትናንት ስነቅል ነው የዋልኩት!» አለ አሉ።