በአየር ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ ስለ መያዝ

የአንድ ክፍል አየር ተሐዋስያን እንዳሉበት ለማወቅ፥ ምግብ የፈሰሰበትን የብርጭቆ ሳሕን ከፍቶ ጥቂት ማቆየት ይበቃል፤ የወደቁት ባክቴሪያዎች ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። የሳንባ ነቀርሳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ከሳል የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ ደርቆ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይወድቅም፤ ቢወድቅም ለማደግ ሳምንታት ስለሚፈጅበት ሻጋታ ይቀድመዋል።

ስለዚህ ዊሊያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፥ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፥ ስድስት አልጋ ካለው የነቀርሳ ክፍል የሚወጣውን አየር በቧንቧ እየሳቡ ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት አስተነፈሱ። በሁለት ዓመት 71 ተለከፉ። ኋላም አየሩ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተጠርቶ የደረሳቸው እንስሳት አንድም አልታመሙም። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒት ከጀመሩት በሽተኞች ይልቅ ገና ያልጀመሩት እጅግ አብልጠው ያስተላልፉ ነበር።