የውሻው ትል በሰው ጉበት ላይ ሲታይ

በበዓል የታረደ በግ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝበት ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። ይህ ልማድ ሃይዳቲድ የሚባለውን በሽታ ያዛምታል። እንደ ንፋስ መውጫና አካባቢዋ በግ በሚረባበት፣ ውሻም በየግቢው በሚኖርበት ደጋ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው በሽታ ነው።

ውሻው ከረጢቱን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የኮሶ ትል ዓይነት ይራባል። የእንስሳት ሐኪሞች በአልትራሳውንድ የውሻን እርግዝና፣ የፊኛ ጠጠርና የጉበት እብጠት ያያሉ፤ ይህ ትል ግን በምስሉ ላይ አይለይም። ውሻውም ጤነኛ ይመስላል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በአፈር፣ በውሃ፣ በአትክልትና በውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ሲግጥ፣ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ሕፃናት፣ ባልታጠበ እጅ ይውጠዋል። በሽታው ሥጋ በመብላት አይተላለፍም።

በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። የጉበቱን አልትራሳውንድ ያሳያል፤ ፈሳሹ ጥቁር፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይታያል። ምርመራው ጨረር የለውም፤ አያምምም። በኬንያ ቱርካና ሐኪሞች መሣሪያውን እየያዙ በየመንደሩ በመዞር ገና ሕመም ያልጀመራቸውን ሰዎች ጭምር ለይተውበታል። ለሳንባ ግን አየር ድምፁን ስለሚያግድ ራጅ ያስፈልጋል።

በቀኝ ጎድንዎ ሥር እብጠት ወይም የማይለቅ የክብደት ስሜት ካለዎት ይመርመሩ። እብጠቱን አይታሹ፤ አያስበጡ። ከረጢቱ ከፈነዳ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስከትልና በሽታውን በሆድ ውስጥ ሊበትን ይችላል። ሕክምናው እንደ ከረጢቱ ደረጃ አልቤንዳዞል፣ ፈሳሹን በሐኪም እጅ በመርፌ መምጠጥ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንዳንዴም ክትትል ብቻ ይበቃል።

መከላከያው ግን በቤትዎ ነው፦

• ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና የሆድ ዕቃ ለውሻ አይስጡ፤ ከረጢት ያለበትን ያቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ።

• ውሻዎን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር ፕራዚኳንቴል ያስውጡት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል።

• ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆችንም ያስለምዱ።

በመጪው በዓል በግ ሲያርዱ፣ ውሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቢጠብቅም፣ ያንን ከረጢት አይጣሉለት።